በፓናማ ያልተገናኙ ጎረቤቶች፦ የሜርኮሱርና የአንዲስ አገሮች የንግድ ድርድር

ሲሞን ቦሊቫር የጠራው ጉባኤ በጁን 1826 በፓናማ ከተማ፣ በአንድ የፍራንሲስካውያን ገዳም አዳራሽ ተከፈተ። ከስፔን ቀንበር ገና የተላቀቁት አገሮች የጋራ ጦርና የጋራ ምክር ቤት እንዲኖራቸው ነበር ሐሳቡ። የመጡት ግን ጥቂቶች ነበሩ። የዛሬዎቹን ኮሎምቢያን፣ ቬኔዙዌላን፣ ኢኳዶርንና ፓናማን በአንድነት ትይዝ የነበረችው ታላቋ ኮሎምቢያ፣ ፔሩ፣ ሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ፌዴሬሽን መልእክተኞቻቸውን ላኩ። የቦሊቪያ መልእክተኞች በጊዜው ሳይደርሱ ቀሩ። ከቦነስ አይረስ ማንም አልመጣም። በዚያን ዘመን ንጉሠ ነገሥት ይገዛት የነበረችው ብራዚልም ተጋብዛ አልተገኘችም። ፓራጓይ በዶክተር ፍራንሲያ አገዛዝ በሯን ዘግታ ተቀምጣ ነበር። ኡራጓይ የምትባል አገር ደግሞ ገና አልተወለደችም፤ ምድሯ ብራዚልና አርጀንቲና የሚዋጉበት አውድማ ነበር። ጉባኤው ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ተበተነ። የተፈረመውን ውል ያጸደቀችውም ታላቋ ኮሎምቢያ ብቻ ናት። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን የቀሪዎችና የተገኙ ስም ዝርዝር ልብ ብሎ ላየው ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። በፓናማ ያልነበሩት አራቱ፣ ማለትም አርጀንቲና፣ ብራዚል፣ ፓራጓይና ኡራጓይ፣ ከ165 ዓመት በኋላ ሜርኮሱር የተባለውን የደቡብ የጋራ ገበያ የመሠረቱት ናቸው። የተገኙት የደቡብ አሜሪካ አገሮች ደግሞ የአንዲስ ማኅበረሰብ አባላት ሆኑ። ሁለቱ ማኅበሮች በ1998 በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ ቦሊቫር ያላገናኛቸውን የሚያገናኝ ጉዳይ ተገኘ ተብሎ ብዙ ተጽፎ ነበር። ጉዳዩ ቀረጥ ነው። ድርድሩ ስድስት ዓመት ተኩል ፈጅቷል። በመጨረሻ ተፈርሞም መሪዎቹ ባሰቡት መንገድ አልሄደም።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ ሞንቴቪዴዎ መመለስ ግድ ይላል። በ1960 በዚያች ከተማ ሰባት አገሮች የላቲን አሜሪካ ነፃ የንግድ ማኅበርን አቋቁመው በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ በመካከላቸው ቀረጥ የሚባል ነገር እንዳይኖር ተስማሙ። ሌሎችም ተከተሏቸው። ዘዴው በየጊዜው እየተሰበሰቡ የዕቃ ዝርዝር መለዋወጥ ነበር። በመጀመሪያ በቀላሉ የሚለቀቀው ዕቃ ተለቀቀ፤ ዝርዝሩ እያንዳንዱ አገር ወደሚሳሳለት ፋብሪካና እርሻ ሲደርስ ግን ሥራው ቆመ። መካከለኞቹና ትንንሾቹ አገሮች ጥቅሙ ሁሉ ወደ አርጀንቲና፣ ወደ ብራዚልና ወደ ሜክሲኮ እየሄደ ነው ብለው አማረሩ። ከዚያ ምሬት የተወለደው የአንዲስ ስምምነት ነው። ቦሊቪያ፣ ቺሊ፣ ኮሎምቢያ፣ ኢኳዶርና ፔሩ በሜይ 1969 በካርታሄና ፈረሙ፤ ቬኔዙዌላ በ1973 ተጨመረች፤ ጄኔራል ፒኖቼ የሚገዛት ቺሊ ደግሞ በ1976 ጥላ ወጣች። የአንዲስ ማኅበር እንግዲህ ከመነሻው የታላላቆቹን ጎረቤቶች ክንድ በመፍራት የተሠራ አጥር ነበር። ይህ ፍርሃት በ1998ም አልጠፋም።

የሜርኮሱር ልደት ከዚህ ይለያል። እርሱን ያመጣው በሁለት ታላላቆች መካከል የኖረው መፈራራት ነው። አርጀንቲናና ብራዚል ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ በጎሪጥ ሲተያዩ ኖረዋል፤ ሁለቱም በወታደሮች እጅ በነበሩበት ጊዜ የኑክሌር ምርምር እስከ መወዳደር ደርሰው ነበር። ሁለቱም ወደ ሲቪል አስተዳደር በተመለሱ ማግሥት ፕሬዚዳንት ራውል አልፎንሲንና ፕሬዚዳንት ጆዜ ሳርኔይ በኖቬምበር 1985 በኢጉዋሱ ወንዝ ዳር ተገናኝተው የመቀራረብ መግለጫ ፈረሙ። ፓራጓይና ኡራጓይ በመካከላቸው ያሉ ናቸውና ውጭ መቅረት አልቻሉም። በማርች 1991 የአሱንሲዮን ውል፣ በዲሴምበር 1994 የኦሮ ፕሬቶ ፕሮቶኮል ተፈረመ፤ ከጃንዋሪ 1995 ጀምሮም አራቱ አገሮች ለውጭ ዕቃ አንድ ዓይነት ታሪፍ ለመጣል ተስማሙ።

ሁለቱን ማኅበሮች ያቀራረበው የውጭ ግፊት ነው። ዩናይትድ ስቴትስ ከካናዳና ከሜክሲኮ ጋር የተዋዋለችው ነፃ የንግድ ስምምነት በጃንዋሪ 1994 ሥራ ላይ ዋለ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር በማያሚ በተደረገው የመሪዎች ጉባኤ ደግሞ ከአላስካ እስከ አርጀንቲና ደቡባዊ ጫፍ የሚዘረጋ አንድ የንግድ ቀጣና እስከ 2005 እንዲመሠረት ተወሰነ። ብራዚል በዚህ ድርድር ብቻዋን መግባት አልፈለገችም። ፕሬዚዳንት ኢታማር ፍራንኮ ገና በ1993 የደቡብ አሜሪካ ነፃ የንግድ ቀጣና ይቋቋም የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። አስቀድሞ ደቡቡን አሰባስቦ ከሰሜኑ ጋር መነጋገር ነው ስልቱ። በ1996 ቺሊና ቦሊቪያ በየፊናቸው ከሜርኮሱር ጋር ስምምነት አደረጉ። የቀሩት አራቱ የአንዲስ አገሮች ነበሩ።

በኤፕሪል 16 ቀን 1998 በቦነስ አይረስ የማዕቀፍ ስምምነት ተፈረመ። ውጥኑ በሁለት እርከን የተከፈለ ነው። እስከ ሴፕቴምበር 1998 መጨረሻ ድረስ የተወሰኑ ዕቃዎች የቀረጥ ቅናሽ ያገኛሉ፤ ከጃንዋሪ 2000 ጀምሮ ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጣናው ሥራ ይጀምራል። በወረቀት ላይ የሚያምር ቀጠሮ ነበር። ከተደራዳሪዎቹ መካከል ፔሩና ኢኳዶር በ1995 መጀመሪያ በሴኔፓ ሸለቆ ጦር ተማዘው እንደ ነበርና የሰላም ውላቸውን ገና በኦክቶበር 1998 በብራዚሊያ እንደ ፈረሙ ስናስታውስ፣ ፔሩም በ1997 ከአንዲስ ማኅበረሰብ እወጣለሁ ብላ በልመና እንደ ተመለሰች ስንጨምርበት፣ በአንድ ቃል መናገር የነበረበት ወገን በምን ሁኔታ ላይ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

የመጀመሪያው እንቅፋት ራሱን የቻለ ስም ነበረው፤ በስፔንኛ «ፓትሪሞኒዮ ኢስቶሪኮ» ይሉታል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በትርጉም ሥራ የሚተዳደር ነውና በቃሉ ላይ ጥቂት ቢቆይ አንባቢ አይቀየመውም። «ታሪካዊ ቅርስ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ቅርስ የምንለው በሙዚየም የሚቀመጠውን ነው። እነዚህ ሰዎች ያሉት ርስት ነው፤ አባት ያቀናው፣ ልጅ የማይለቀው፣ ከጎረቤት ጋር የሚያሟግት ርስት። ከ1980 ወዲህ፣ የሞንቴቪዴዎው ማኅበር ፈርሶ በላቲን አሜሪካ ውህደት ማኅበር ከተተካ በኋላ፣ አገሮቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ትንንሽ የቀረጥ ቅናሾችን ሲለዋወጡ ኖረዋል። አርጀንቲና ለፔሩ የሰጠችው አለ፤ ብራዚል ለኮሎምቢያ የሰጠችው ሌላ ነው። በእነዚህ ቅናሾች ጥላ ሥር ፋብሪካ ተቋቁሟል፣ ሠራተኛ ተቀጥሯል። አዲሱ ስምምነት አሮጌውን የሚሽር ከሆነ፣ ትናንት ከግማሽ በታች ቀረጥ ይከፍል የነበረ ነጋዴ በነፃ ንግድ ስም ዛሬ ሙሉውን ሊጠየቅ ነው። ቅናሹ ይቀጥል ከተባለ ደግሞ ኮሎምቢያ ለአርጀንቲና የሰጠችውን ለብራዚልም ትስጥ ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። የአንዲስ ተደራዳሪዎች ርስታቸው እንዲከበር ጠየቁ፤ ሜርኮሱሮች ግን አራቱ ራሳቸው በምን ያህሉ እንደሚስማሙ አያውቁም ነበር።

ዝርዝሮቹን ማስተያየት ብቻውን አድካሚ ሥራ ነበር። የአንዲስ ጉምሩኮች ዕቃን የሚመዘግቡበት የራሳቸው የቁጥር መዝገብ አላቸው፤ ሜርኮሱርም የራሱ አለው። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች መዝገባቸውን ወደ ሦስተኛ መዝገብ፣ ወደ ውህደት ማኅበሩ የቁጥር ሥርዓት፣ መተርጎም ነበረባቸው። ይህም ስሕተት የሚወድ ትርጉም ነው። በአንዱ መዝገብ በአንድ ቁጥር የተጠቃለለ ዕቃ በሌላው ሦስት ቦታ ተከፍሎ ይገኛል፤ ከሦስቱ አንዱ ጥበቃ የሚሻ፣ ሁለቱ የማይሹ ሊሆኑ ይችላሉ። በዚያ ላይ የስምምነቱ ጽሑፍ በስፔንኛና በፖርቱጋልኛ እኩል ሥልጣን እንዲኖረው ነበር የተፈለገው። ስለ ድርድሩ የጻፉ ምሁራን አብዛኛውን ጊዜ የሚተርኩት የፕሬዚዳንቶችን ንግግር ነው። በእኔ ግምት ጊዜውን የበላው በእነዚህ ሠንጠረዦች ላይ የተጎነበሱት የጉምሩክና የንግድ ሚኒስቴር ሰዎች ሥራ ነው።

ቀጠሮው ተራዘመ፤ በ1999 መጀመሪያም ዳግመኛ አለፈ። በዚያው ጃንዋሪ የብራዚል መንግሥት ገንዘቡን ለገበያ ለቀቀ፤ ሪያል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከዋጋው ከሲሶ በላይ አጣ። የአርጀንቲና ፔሶ ግን ከ1991 ጀምሮ ከአንድ ዶላር ጋር በሕግ ታስሮ ነበርና የሜርኮሱር ሁለት ምሰሶዎች እርስ በርሳቸው ተኮራረፉ። ብራዚል አራቱ አብረው ይደራደራሉ የሚለውን ደንብ ወደ ጎን ትታ ለብቻዋ ከአንዲስ አገሮች ጋር ተነጋገረችና በኦገስት 1999 የተወሰነ የቀረጥ ቅናሽ ስምምነት ፈረመች። አርጀንቲናም በ2000 የራሷን ፈረመች። የጉምሩክ ኅብረት ነን የሚሉ አገሮች እንዲህ በየፊናቸው መሄዳቸው በወቅቱ እንደ ክፍተት መሸፈኛ ነበር የተቆጠረው። ኋላ እንደምናየው ግን የመጨረሻው ስምምነት መልክ የተቀዳው ከዚህ ነው።

በኦገስት 2000 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ፌርናንዶ ሄንሪኬ ካርዶዞ የደቡብ አሜሪካን መሪዎች በሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በብራዚሊያ ሰበሰቡ። እስከ ጃንዋሪ 2002 ድረስ ስምምነቱ እንዲያልቅ ተወሰነ፤ ተራሮቹን የሚያቋርጡ መንገዶችም ታቀዱ። ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚያንስ ጉዳይ አልነበረም። ከሊማ ወደ ሳኦ ፓውሎ የሚሄድ ዕቃ የአንዲስን ተራሮችና የአማዞንን ጫካ የሚያልፍበት አስፋልት አልነበረውም። ቀረጡ ቢነሣ እንኳ የጭነቱ ዋጋ ሌላ ቀረጥ ነው።

ቀጠሮው እንደ ገና አለፈ፤ በዲሴምበር 2001 አርጀንቲና ዕዳዋን መክፈል አቃታት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም በወንበሩ ላይ አምስት ሰዎች ተፈራረቁ። ቬኔዙዌላ በኤፕሪል 2002 መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረባት። በዲሴምበር 6 ቀን 2002 በብራዚሊያ አዲስ የማዕቀፍ ስምምነት ሲፈረም በካራካስ የነዳጅ ሠራተኞች አድማ ላይ ነበሩ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሰዎቹ ጠረጴዛውን አለመተዋቸው ያስደንቃል።

ከሁሉ የከበደው የእርሻ ጉዳይ ነው። የአንዲስ አገሮች ከ1995 ጀምሮ የዋጋ ወሰን የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። ስንዴ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ስኳር፣ ወተት፣ አኩሪ አተር፣ የፓልም ዘይትና የመሳሰሉት በአምስት ዓመት የዓለም ገበያ ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ወለልና ጣሪያ ይወጣላቸዋል። የዓለም ዋጋ ከወለሉ በታች ሲወርድ በሚገባው ዕቃ ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ይጫናል፤ ከጣሪያው በላይ ሲወጣ ቀረጡ ይቀንሳል። ለኮሎምቢያ ሩዝ አምራች ይህ ጃንጥላው ነው። ለአርጀንቲና ግን በር ላይ የተጋረደ ግንብ ነበር፤ ቺሊ በነበራት ተመሳሳይ ሥርዓት ላይ ለዓለም የንግድ ድርጅት ክስ አቅርባ በ2002 ተፈርዶላታል። ስለዚህ የአንዲስ ተደራዳሪዎች ፍርዱን እያዩ ነበር የሚከራከሩት። በምድር ስፋት፣ በአፈር ለምነትና በትራክተር ብዛት ከፓምፓስ ገበሬ ጋር የሚወዳደር የአንዲስ ገበሬ እንደማይኖር ሁለቱም ወገኖች ያውቃሉ።

ከዚህ ሁሉ ግን የቦሊቪያ ነገር ይበልጥ ያሳስባል። ሳንታ ክሩዝ በምትባለው ቆላማ ምድር የሜኖናይት ማኅበረሰቦች፣ ከኦኪናዋ የመጡ ጃፓናውያን፣ ብራዚላውያንና ከደጋ የወረዱ ቦሊቪያውያን አኩሪ አተር ያመርታሉ። ባሕር በር የሌላት አገር ናትና ምርቱ ወደብ እስኪደርስ ብዙ ወጪ ይጠይቃል። ገዢዎቻቸው በተለይ ኮሎምቢያና ቬኔዙዌላ ነበሩ፤ ምክንያቱም የቦሊቪያ ዘይትና ፋጉሎ በአንዲስ አባልነቱ ያለ ቀረጥ ሲገባ የብራዚልና የአርጀንቲናው በዋጋ ወሰኑ ይታገድ ነበር። ሜርኮሱር በዚያው በር ከገባ ይህ ልዩነት ቀስ በቀስ ይሟሟል። ቦሊቪያ ከ1997 ጀምሮ ከሜርኮሱር ጋር የራሷ ስምምነት ነበራትና በአዲሱ ውል ፈራሚ አልነበረችም። በገዛ ማኅበሯ ድርድር የሳንታ ክሩዝ ገበሬ ገበያ ሲሸነሸን ማየት ብቻ ነበር ዕጣዋ። ስለ ውህደት ሲነገር እንዲህ ያለው ተጎጂ ብዙ ጊዜ አይጠቀስም።

በጃንዋሪ 2003 ሉላ ዳ ሲልቫ በብራዚል ሥልጣን ሲይዙ ድርድሩ ፍጥነት አገኘ። ሉላ ደቡብ አሜሪካን ማሰባሰብ የውጭ ፖሊሲያቸው ዓምድ አድርገውት ነበርና ከታላቋ አገር የበለጠ መልቀቅ እንዲመጣ ተደራዳሪዎቻቸውን አዘዙ። ፔሩ ሌሎቹን ሳትጠብቅ በኦገስት 2003 ለብቻዋ ከሜርኮሱር ጋር ተስማማች። የቀሩት ሦስቱ፣ ኮሎምቢያ፣ ኢኳዶርና ቬኔዙዌላ፣ በዲሴምበር 16 ቀን 2003 በሞንቴቪዴዎ ፈረሙ። ፊርማው የተቀመጠው ግን አባሪ ዝርዝሮቹ ሳያልቁ ነው። አንቀጾቹ ተጽፈዋል፤ የትኛው ዕቃ በስንት ዓመት ነፃ እንደሚሆን የሚናገረው ሠንጠረዥ ገና ነበር። ለእርሱ ተጨማሪ አሥር ወራት አስፈለጉ። ሙሉው ሰነድ በኦክቶበር 18 ቀን 2004 በውህደት ማኅበሩ መዝገብ የኢኮኖሚ ትብብር ስምምነት ቁጥር 59 ተብሎ ሰፈረ፤ በ2005 የመጀመሪያ ወራትም በየአገሩ ሥራ ጀመረ።

ሰነዱን የገለጠ ሰው በሽፋኑ ላይ ሁለት ማኅበሮችን፣ በውስጡ ግን ጥንድ ጥንድ አገሮችን ያገኛል። ኮሎምቢያ ከአርጀንቲና፣ ኮሎምቢያ ከብራዚል፣ ኢኳዶር ከፓራጓይ እያለ ሦስቱን ከአራቱ ጋር የሚያጋጥም አሥራ ሁለት የውል መስመር ነው። ርስቱም ተከብሯል፤ ነባሩ ቅናሽ መነሻ ሆኖ ተወስዷል። ጥንቃቄ የሚሹት ዕቃዎች እስከ 15 ዓመት ድረስ እንዲቆዩ ተፈቀደ። እንደ ኢኳዶርና ፓራጓይ ላሉት ታናናሽ ኢኮኖሚዎች የዝግታ መብት ተሰጠ፤ የዋጋ ወሰኑም አልፈረሰም። በእኛው ቀጣና የኮሜሳ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብና የሳዴክ የሦስትዮሽ ስምምነት በ2015 በሻርም ኤል ሼክ ተፈርሞ ሥራ ላይ ለመዋል እስከ 2024 መጠበቁን ያስተዋለ አንባቢ በዚህ ዓይነቱ ዝግታ አይደነቅም። ስምምነቱን ከስሙ አሳንሰው የሚያዩት ተቺዎች ተሳስተዋል አልልም። ሆኖም ያለ ጥንድ ሠንጠረዥ ይህ ውል ጨርሶ አይፈረምም ነበር ባይ ነኝ።

በዲሴምበር 2004፣ ሰነዱ ከሰፈረ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ መሪዎቹ በጥንታዊቷ የኢንካ መዲና በኩስኮ ተሰብስበው የደቡብ አሜሪካ የአገሮች ማኅበረሰብ መመሥረቱን አወጁ። የቦሊቫር ስም በየንግግሩ ተነሣ። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት ሜይ ኮሎምቢያ፣ ኢኳዶርና ፔሩ በካርታሄና ከዩናይትድ ስቴትስ ጋር ድርድር ጀምረው ነበር። የአንዲስ ስምምነት በተወለደበት ከተማ ላይ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው። ፔሩ በኤፕሪል 2006 ከዋሺንግተን ጋር ፈረመች፤ ኮሎምቢያም ድርድሯን ጨርሳ ነበር። ሁጎ ቻቬዝ በዚያው ወር የአንዲስ ማኅበረሰብ ሞቷል ብለው አገራቸውን አስወጡና በጁላይ ወደ ሜርኮሱር የመግቢያ ፕሮቶኮል ፈረሙ። እዚያም ቀና መንገድ አልጠበቃቸውም። የፓራጓይ ሴኔት ለዓመታት አላጸድቅም አለ። በጁን 2012 ፕሬዚዳንት ፌርናንዶ ሉጎ ከሥልጣን ሲወገዱ ሦስቱ ፓራጓይን አግደው በጁላይ መጨረሻ ቬኔዙዌላን ሙሉ አባል አደረጉ። እርሷም በተራዋ በዲሴምበር 2016 ታገደች።

የአኩሪ አተሩ ገበሬ የፈራው ያለ ውሉም መጣ። የቬኔዙዌላ መውጣት አንዱን ዋነኛ ገዢውን ከአንዲስ አጥር ውጭ አደረገበት፤ በአባልነት የነበረው የቀረጥ ነፃነት ለአምስት ዓመት ብቻ፣ እስከ ኤፕሪል 2011 ድረስ ነበር የሚቆየው።

ቁጥር 59ን ግን ማንም አልሻረውም ነበር። የኩስኮው ማኅበረሰብ በ2007 ስሙን ወደ ኡናሱር ቀይሮ በ2008 ውል ፈርሞ ከአሥር ዓመት በኋላ አባላቱ አንድ በአንድ ሲሸሹት፣ ከአላስካ እስከ ደቡብ ጫፍ የታሰበው ታላቁ ቀጣና በኖቬምበር 2005 በማር ዴል ፕላታ ሲከሽፍ፣ እነዚያ አሰልቺ ሠንጠረዦች በየዓመቱ ጃንዋሪ ቀረጡን በተቆረጠላቸው ልክ እየቀነሱ ሄዱ። ጉምሩኩ ላይ የሚሠራው ሰው ፕሬዚዳንቶቹ ይኳረፉ ይታረቁ ሠንጠረዡን ገልጦ ያስከፍላል። ኮሎምቢያ በጁላይ 2017 በሜንዶሳ ከሜርኮሱር ጋር አዲስ ስምምነት ፈርማ የራሷን ክፍል በቁጥር 72 ተካችው። ኢኳዶር በአሮጌው ቁጥር ቀጠለች። በፓናማ ጉባኤ በጊዜው ያልደረሰችው ቦሊቪያ ደግሞ በ2024 የሜርኮሱር ሙሉ አባል ስትሆን የአንዲስ አባልነቷን አልተወችም።